ጎታውና መሸጎጫው፦ የኮምፒዩተር ግሶች በአማርኛ

በአማርኛ የተሰናዳ የአንድሮይድ ስልክ የያዘ ሰው ወደ ቅንብሩ ገብቶ የአንዱን መተግበሪያ ዝርዝር ሲከፍት ሁለት ትእዛዞች ይጠብቁታል። አንደኛው «መሸጎጫ አጽዳ» ይላል። ሁለተኛው፣ የስርዓቱ እትም በተለወጠ ቁጥር አጻጻፉ ቢለያይም፣ ውሂቡን ወይም ማከማቻውን እንዲሁ አጽዳ ይላል። ግሱ አንድ ነው። ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የመጀመሪያውን የነካ ሰው ይህ ነው የሚባል ነገር አይጎድልበትም፤ መተግበሪያው በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፈት ጥቂት ይዘገይ ይሆናል እንጂ የተወገደውን ከምንጩ መልሶ ያመጣል። ሁለተኛውን የነካ ግን በዚያ መተግበሪያ አማካይነት ስልኩ ላይ ያስቀመጠውን ሁሉ፣ መግቢያውንም፣ ምርጫዎቹንም፣ ሌላ ቦታ ቅጂ ከሌላቸውም ጽሑፎቹን ጭምር ይሰናበታል።

ማጽዳት በአማርኛ የተመሰገነ ሥራ ነው። ቤት ይጸዳል፣ ጓሮ ይጸዳል፣ እህል ከእንክርዳድ ይጸዳል። በጽዳት የሚወገደው ጉድፉ ነው፤ የሚቀረው ፍሬው ነው። ስለዚህ «አጽዳ» የሚል ቃል ያነበበ ሰው ንብረቱን እንደሚያጣ አይጠረጥርም፤ እንዲያውም ስልኩ የሚቀለውና የሚፈጥነው ይመስለዋል። ቃሉ ለመጀመሪያው ትእዛዝ ከሞላ ጎደል እውነት ነው። ለሁለተኛው ግን እውነት አይደለም፤ በዚያ የሚወገደው ፍሬው ራሱ ነውና።

ጥፋቱን በተርጓሚው ላይ ብቻ መደፍደፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። እንግሊዝኛውም ለሁለቱ ትእዛዞች የሚጠቀመው አንድ ግስ ስለሆነ ተርጓሚው የተረከበውን ብዥታ ነው ያስረከበው። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፦ እንግሊዝኛውን ያነበበ ሰው ቢጠራጠር የሚመለስበት ሰፊ ማብራሪያ ሞልቶለታል። ስልኩን በአማርኛ የሚጠቀመው ሰው ግን ብዙ ጊዜ አማርኛውን የመረጠው ሌላውን እንደ ልቡ ስለማያነብ ነው። ለእርሱ ትርጉሙ ትርጉም ሳይሆን የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቃል ነው።

የአማርኛ የኮምፒዩተር ቃላት ክርክር ለረጅም ጊዜ የስሞች ክርክር ሆኖ ቆይቷል። ኮምፒዩተር ምን ይባል? ዳታ ምን ይባል? ዳታቤዝስ? በእነዚህ ላይ ብዙ ቀለም ፈስሷል፤ ስሞቹም ይብዛም ይነስ ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። ችላ የተባለው የግሶቹ ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ ማሽን የሚታዘዘው በስም ሳይሆን በግስ ነው። ስሙ የተሳሳተ እንደሆነ ሰው ግር ይለዋል፤ ግሱ የተሳሳተ እንደሆነ ግን ነገር ይጠፋል። ይህ ልዩነት ከየትም ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በውሂብ ጎታና በመሸጎጫው መካከል በሚከናወነው ሥራ ላይ ነው።

ከጎታ እስከ መቀነት

ዳታቤዝን የሚጠሩ ሁለት የአማርኛ ስሞች ጎን ለጎን ይኖራሉ። መሥሪያ ቤቶችና ጋዜጦች አዘውትረው «የመረጃ ቋት» ይላሉ፤ የሶፍትዌር ትርጉሞች ደግሞ «የውሂብ ጎታ» ማለትን መርጠዋል። «ውሂብ» ወሀበ፣ ማለትም ሰጠ፣ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ሲሆን፣ የላቲኑ «ዳታ»ም የተሰጡ ነገሮች ማለት ስለሆነ ቃል በቃል ይገጣጠማሉ። ቋትም የዱቄት፣ ጎታም የእህል ማኖሪያ ነው። ሁለቱም ስሞች ከባላገር ቤት የተገኙ፣ ማንም የሚያውቃቸው፣ ሥራቸውን በትክክል የሚናገሩ ናቸው።

መሸጎጫውም ከዚሁ ቤት የወጣ ነው። በጎታው ውስጥ እህሉ ሁሉ አለ። ነገር ግን ባለቤቲቱ ለእያንዳንዱ እፍኝ ጎታውን አትከፍትም፤ ለሰሞኑ የሚበቃትን አውጥታ እጇ በሚደርስበት ቦታ ታኖራለች። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ያደርጋል። ጎታውን መጠየቅ ጊዜ ይፈጃል፤ ዲስክ መነበብ አለበት፣ ስሌት መሠራት አለበት፣ አንዳንዴም ጥያቄው ባሕር ተሻግሮ መመለስ አለበት። ስለዚህ ደጋግሞ የሚፈለገው መልስ ፈጣን በሆነ የትውስታ ክፍል ውስጥ ይቀመጥና ተመሳሳይ ጥያቄ ሲመጣ ከዚያው ይመለሳል። ምሳሌው የሚያነክሰው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከጎታ የወጣ እህል ጎታውን ያጎድለዋል፣ ከውሂብ ጎታ የወጣው ግን ቅጂ ስለሆነ አያጎድለውም። የግሶቹ ችግር በሙሉ የሚመነጨው ከዚህች ልዩነት ነው። ዋናውና ቅጂው በሁለት ቦታ ሲኖሩ «አጥፋ» የሚል ትእዛዝ የትኛውን እንደሚያጠፋ መናገር ይኖርበታል።

እንግሊዝኛውም ስሙን ያገኘው ሳይንገዳገድ አይደለም። እንግሊዛዊው የኮምፒዩተር ሊቅ ሞሪስ ዊልክስ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ነገሩን የጠራው «ባሪያ ትውስታ» ብሎ ነበር። አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1968 ሲስተም 360 ሞዴል 85 የተባለውን ኮምፒዩተር ባቀረበበት ዓመት የኩባንያው መጽሔት «ካሽ» የሚለውን ስም ይዞ ወጣ፤ ዓለምም ተቀበለው። ቃሉ መደበቅ ከሚለው የፈረንሳይኛ ግስ የመጣ ሲሆን በሰሜን አሜሪካ ዱር የሚዘዋወሩ አዳኞች ስንቃቸውን ቀብረው የሚያቆዩበትን ስውር ስፍራ ይጠሩበት ነበር።

በዚህ ሚዛን ሲታይ አማርኛው «መሸጎጫ» ከእንግሊዝኛው ይበልጣል እንጂ አያንስም። መሸሸግ ከሰው ዓይን ማራቅ ነው፤ መሸጎጥ ግን ለራስ እጅ ማቅረብ ጭምር ነው። ገበያ የምትወጣ ሴት ለዕለቱ የሚሆናትን ገንዘብ መቀነቷ ውስጥ የምትሸጉጠው ከሣጥኗ ይልቅ እዚያ ስለሚቀርባት ነው። ቦታው ጠባብ ነው፤ የሚይዘው ጥቂት ነው፤ ቆይታውም አጭር ነው። የመሸጎጫ ሦስቱም ባሕርያት በአንድ የመቀነት እጥፋት ውስጥ ተጠቃለዋል። ማንም ይህን ቃል ያወጣ ሰው ሥራውን አውቆበታል።

አራት መልክ ያለው ትእዛዝ

ስሙ ይህን ያህል ካማረ ግሶቹ ለምን ተበላሹ? መልሱ በከፊል በእንግሊዝኛው ቤት ይገኛል። በውኃ ጠራርጎ መልቀቅ የሚል ፍቺ ያለውን «ፍላሽ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ግስ ለአብነት መመልከት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2001 በተጀመረውና የጃቫ ፕሮግራሞችን ከጎታ ጋር በሚያገናኘው ሃይበርኔት ዘንድ፣ ፍላሽ ማለት በትውስታ ውስጥ ብቻ ያለውን ለውጥ ወደ ጎታው መጻፍ ነው። ማዳን ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በተወለደው ሬዲስ ዘንድ ግን «ፍላሽ ኦል» የተባለው ትእዛዝ ያለውን ሁሉ ይደመስሳል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በሚታወቀው ሜምካሽድ ደግሞ ይኸው ስም ያለው ትእዛዝ የተሸጎጠውን ሁሉ ዋጋ ያሳጣዋል እንጂ የያዘውን የትውስታ ቦታ በዚያው ቅጽበት አያስለቅቅም። በማይኤስኪውኤል ውስጥ የነበረው የጥያቄ መሸጎጫ ከሁሉም ይለይ ነበር፤ እዚያ ፍላሽ ማለት የተበጣጠሰውን ቦታ ማስተካከል ብቻ ሲሆን ከተሸጎጡት መልሶች አንዱም አይወገድም ነበር። ለማስወገድ ሌላ ትእዛዝ ያስፈልግ ነበር። ያ መሸጎጫ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 8.0 እትም ከነትእዛዞቹ ቀርቷል።

አንድ ቃል፣ አራት ሥራ፦ ማዳን፣ መደምሰስ፣ መሻርና ማስተካከል። የመጀመሪያውን የለመደ ባለሙያ ወደ ሁለተኛው ቤት ገብቶ «ፍላሽ» ቢል፣ ማዳኑ መስሎት ያጠፋል። ሬዲስን እንደ መሸጎጫ ሳይሆን እንደ ዋና ማኖሪያ የሚጠቀሙበት ሰዎች ስላሉ፣ ያ ጥፋት ከምንጭ ተመልሶ የሚተካ ላይሆን ይችላል።

ይህን ብዥታ በውሰት ቃል አልፋለሁ የሚል አማርኛ ተናጋሪ ከድጡ ወደ ማጡ ይገባል። በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ አማርኛ የሚናገሩ የሙያው ሰዎች የእንግሊዝኛውን ቃል «አድርግ» ከሚል ግስ ጋር አጣምረው ይናገራሉ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ማንኛውም ባዕድ ቃል «አድርግ» ሲከተለው ወዲያው የአማርኛ ግስ ይሆናል። ነገር ግን በግእዝ ፊደል ሲጻፍና በአማርኛ አፍ ሲነገር «ፍላሽ» ሌሎች ሁለት ነገሮችም ነው። ኪስ ውስጥ የሚያዘው የፋይል ማመላለሻ ፍላሽ ነው። በስልክ ጥገና ቤቶችም ስልክን «ፍላሽ ማድረግ» ማለት የውስጡን ስርዓት እንደ አዲስ መጫን ነው፤ ያም አብዛኛውን ጊዜ የነበረውን ሁሉ ያጠፋል። «ካሽ»ም ከዚህ አይሻልም። በአማርኛ ካሽ ማለት ጥሬ ገንዘብ ነው። በባንክ ወይም በገንዘብ ማስተላለፊያ ቤት ሶፍትዌር ላይ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ስለ ካሽ መጥፋት ሲነጋገሩ የሰማ ሦስተኛ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። እንግሊዝኛው ሁለቱን ቢያንስ በአጻጻፍ ይለያቸዋል፤ ፊደሉ ድምፅን የሚከተለው አማርኛ ግን ያን መለያ እንኳ አያስቀርላቸውም። «መሸጎጫ» የሚያስፈልገው ለቋንቋ ክብር ብቻ ሳይሆን ለመግባባት የሆነውም ስለዚህ ነው።

ማን አስወጣው?

አንድ ቅጂ ከመሸጎጫ የሚጠፋባቸው ሦስት የተለያዩ ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፣ የተወሰነለት ጊዜ ያበቃል። ሁለተኛ፣ መሸጎጫው ይሞላና ለአዲስ መጪ ቦታ ሲባል አንዱ ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ከተነካ የቆየው ነው። ሦስተኛ፣ ዋናው በጎታው ውስጥ ስለተለወጠ ቅጂው ከእንግዲህ እንዳይታመን ይታዘዛል። እነዚህን መለየት የቃላት ጨዋታ አይደለም። ሬዲስ በጊዜ ያለፉትንና በቦታ ጥበት የወጡትን ለየብቻ ይቆጥራል፤ ምክንያቱም የፊተኛው ቁጥር ማደግ የተለመደ ሲሆን የኋለኛው ማደግ ግን ትውስታው እየጠበበ መሆኑን ሊያስጠነቅቅ ይችላል። የኔትስኬፕ ባልደረባ የነበረው ፊል ካርልተን በኮምፒዩተር ሳይንስ የሚከብዱት ሁለት ነገሮች ሦስተኛው ሥራና ነገሮችን መሰየም ናቸው ማለቱም በሙያው ሰዎች ዘንድ እንደ ተረት ይነገራል። ሥራውን መሰየም ሲያስፈልግ ሁለቱ ችግሮች አንድ ላይ ይገናኛሉ ማለት ነው።

በእንግሊዝኛው በዚህም ላይ ስምምነት የለም። ካፌይን የተባለው የጃቫ መሸጎጫ በመመሪያው ላይ በፖሊሲ ምክንያት ለሚወጣው አንድ ቃል፣ በሰው ትእዛዝ ለሚሻረው ሌላ ቃል፣ ለሁለቱም ውጤት ሦስተኛ ቃል አስቀምጦ ልዩነቱን በጥንቃቄ ይገልጻል። ስፕሪንግ የተባለው ሰፊ የጃቫ ማዕቀፍ ግን ፕሮግራመሩ በትእዛዝ የሚያስወግደውን ካፌይን ለፖሊሲ ብቻ በለየው ቃል ይጠራዋል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚጠቀም ሰው በአንድ ቃል ሁለት ነገር ለመስማት ይገደዳል።

እዚህ ላይ አማርኛ የሚመካበት ሀብት አለው፤ ያልተጠቀመበትም ሀብት ነው። የአማርኛ ግስ በአካሉ ላይ አድራጊውን ይዞ ይዞራል። «ወጣ» ማለት አንድ ነው፣ «አወጣ» ማለት ሌላ ነው፣ «አስወጣ» ማለት ደግሞ ሌላ። «ጠፋ» ብሎ የተናገረና «አጠፋ» ብሎ የተናገረ ሰው አንድ ነገር አልተናገሩም፤ የፊተኛው ጉዳትን፣ የኋለኛው ጥፋተኛን ጠቁሟል። ለሦስቱ ምክንያቶችም የተዘጋጁ ቃላት በየሰዉ አፍ አሉ። በጊዜ ላበቃው «ጊዜው አለፈ» ይበቃል፤ በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የሚነበበው ይኸው ነው። በቦታ ጥበት ለሚወጣው «አስለቀቀ» አለ፤ ተከራይን ከቤት ማስለቀቅ ከጥንትም የሚታወቅ ሲሆን የእንግሊዝኛውም ቃል መነሻው ያው ነው። ዋናው ስለተለወጠ ዋጋ ለሚያጣው ደግሞ «ሻረ» አለ። ሕግ ሲሻር ወረቀቱ አይቀደድም፤ መዝገብ ቤት ሊቀመጥ ይችላል፣ ነገር ግን ማንም አይፈርድበትም። የተሻረ ቅጂም እንዲሁ ነው፤ በትውስታው ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ሊቆይ ይችላል፣ ግን አይታመንም። የሜምካሽድን ትእዛዝ ከ«መሻር» ይልቅ የሚገልጽ ቃል በእንግሊዝኛውም ማግኘት ያዳግታል።

ያደረና የቆሸሸ

ቃል በቃል መተርጎም የሚያመጣውን አደጋ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ አለ። አንዳንድ ስርዓቶች ለውጥን መጀመሪያ በትውስታ ላይ ብቻ ጽፈው ወደ ጎታው የሚያስገቡት ቆይተው ነው። በትውስታው ላይ የተለወጠውን፣ ወደ ጎታው ግን ገና ያልገባውን ገጽ እንግሊዝኛው «የቆሸሸ» ይለዋል። በእንግሊዝኛ የሙያው ሰው ለምዶታልና አይሳሳትም። ተርጓሚ ይህን «ቆሻሻ ገጽ» ብሎ ካሰፈረና ማስወገድን ሁሉ «ማጽዳት» ካለ ግን፣ አማርኛው ቆሻሻውን አጽዳ የሚል ምክር ይሆናል። ያ ቆሻሻ የተባለው ግን ከሁሉ አዲሱ፣ ሌላ ቦታ ቅጂ የሌለው ውሂብ ነው፤ መብራት በሚቋረጥበት ከተማ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው እርሱ ነው። «ያልገባ» ብሎ መጥራት ይበቃል። ያልገባ ነገር እንዲገባ ይደረጋል እንጂ እንዲጸዳ አይታሰብም።

በተቃራኒው፣ ጊዜው የተላለፈውን ነገር ግን ገና ያልተጣለውን ቅጂ የሚገልጽ የአማርኛ ቃል በየጓዳው ተቀምጧል። ያደረ ወጥ፣ ያደረ እንጀራ ይባላል። ያደረ የተበላሸ ማለት አይደለም፤ ትኩስ አለመሆኑን ብቻ ይናገራል፣ መብላት አለመብላቱን ለባለቤቱ ይተዋል። በድረ ገጾች ቋንቋ ያደረ መልስ እያቀረቡ አዲሱን ከኋላ ማምጣት የታወቀ ዘዴ ነው። «ያደረ ውሂብ» ያለ ሰው በሁለት ቃል ይህን ሁሉ ብሏል።

የድረ ገጾች ደንብ ራሱ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የኤችቲቲፒ ደንብም ሆነ እ.ኤ.አ. በ2022 በታደሰው፣ ቃል በቃል «አትሸጉጥ» ተብሎ የሚነበብ ትእዛዝ አለ። ትርጉሙ ግን ሸጉጥ፣ ነገር ግን ምንጩን ሳትጠይቅ አታቅርብ ማለት ነው። ፈጽሞ እንዳይቀመጥ የሚያዘው «አታኑር» የሚል ሌላ ትእዛዝ ነው። የግል መረጃ የሚያሳይ ገጽ የሚሠራ ሰው የመጀመሪያውን ጽፎ ተረጋግቶ ቢተኛ፣ ገጹ ቅጂውን ትቶ ሊያልፍ ይችላል። ስሙ የተሰጠው በስሕተት ነበር ባይባል እንኳ፣ ከሥራው ጋር የተጣላ ስም ማብራሪያ ሲያስከትል ይኖራል።

ጎረቤቶች እንዴት አደረጉ?

ይህ ችግር የአማርኛ ብቻ አይደለም። በናይሮቢና በዳሬሰላም ስልካቸውን በስዋሂሊ የሚጠቀሙ ሰዎች የመጀመሪያውን ትእዛዝ «ፉታ አኪባ» ብለው ያነቡታል። «ፉታ» መደምሰስ ነው፤ «አኪባ» ደግሞ ቁጠባ፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ተቀማጭ ማለት ነው። የባንክ ቁጠባ ሒሳብም በዚሁ ቃል ይጠራል። ስለዚህ በአማርኛ አደገኛው ትእዛዝ ምንም የማያስፈራ ሲመስል፣ በስዋሂሊ ምንም የማያስፈራው ትእዛዝ ቁጠባህን ደምስስ የሚል ይመስላል። ስዋሂሊዎች «አኪባ ሃይኦዚ»፣ ቁጠባ አይበሰብስም፣ ይላሉ፤ የኮምፒዩተሩ አኪባ ግን ዋነኛ ጠባዩ ቶሎ መበላሸቱ ነው። ዐረብኛው በበኩሉ ጊዜያዊ የማከማቻ ትውስታ በሚል ረጅም ሐረግ ይጠራዋል። ቆይታው አጭር መሆኑን በግልጽ ይናገራል፣ ቅጂ መሆኑን ግን አይናገርም። በሦስቱ መካከል «መሸጎጫ» በስምነቱ የሚያፍርበት ነገር የለም። የጎደለው የስሙን ያህል የታሰበበት ግስ ነው።

ለምን ያስጨንቃል?

ፕሮግራመሮች በእንግሊዝኛ ይግባባሉ፣ ተጠቃሚው የመሸጎጫን ነገር ማወቅ አያስፈልገውም የሚል መቃወሚያ ሊነሳ ይችላል። ግማሹ እውነት ነው። ተጠቃሚው አሠራሩን ማወቅ አያስፈልገውም፤ ውጤቱ ግን ይደርስበታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲያውጅ፣ አንድ የአሜሪካ ዶላር በዚያው ዕለት ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ ዘለለ። በእንዲህ ዓይነቱ ቀን የትናንቱን ዋጋ በመሸጎጫው የያዘ የምንዛሪ ፕሮግራም ሥራ ላይ እንዳለ ይታሰብ። በጎታው ውስጥ ትክክለኛው ዋጋ ገብቷል፤ በመስኮቱ ላይ የሚታየው ግን ያደረው ነው። ከናይሮቢ ወይም ከጁባ ለእናቱ 100 ዶላር የሚልክ ሰው በዚያ ያደረ ቁጥር ቢስተናገድ ልዩነቱ 1,700 ብር ያህል ነው።

አሁን በሁለት ቢሮ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች በስልክ ይነጋገራሉ። አንዱ «አጽዳው» ይላል። ሌላው ምኑን ያጽዳ? የምንዛሪ ዋጋውን ቅጂ ብቻ? መሸጎጫውን በሙሉ? ወይስ ገና ወደ ጎታው ያልገቡ የዛሬ ጥዋት ልውውጦችን ጭምር? የመጀመሪያው ትክክል ነው፤ ሁለተኛው ስርዓቱን ለጥቂት ደቂቃ ያዘገየዋል፤ ሦስተኛው የሰው ገንዘብ ያጠፋል። «የምንዛሪውን ቅጂ ሻረው» ቢለው ኖሮ የሚጠየቅ ነገር አይኖርም ነበር።

የሚመረጥ ቃል ሁሉ ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት ቢባል አይበዛበትም። ዋናው ይቀራል ወይስ ይጠፋል? ያደረገው ማን ነው፣ ሰው፣ ጊዜ ወይስ የቦታ ጥበት? ነገሩስ የሄደው ወዴት ነው፣ ወደ ጎታው ወይስ ወደ ከንቱ? በዚህ ሚዛን «መሸጎጫውን ባዶ አድርግ» ከ«አጽዳ» ይሻላል፤ ዕቃው እንደሚቀር፣ ውስጡ ብቻ እንደሚወጣ ይናገራልና። ለሁለተኛው የስልክ ትእዛዝ «ሁሉንም አጥፋ» ማለት ያስፈራል፤ ማስፈራቱም ተገቢ ነው። ወደ ጎታው መጻፍ «አስገባ» ይባል። «ገልብጥ» ማለት አይመከርም፤ መገልበጥ መቅዳትም ነው፣ ደፍቶ ባዶ ማድረግም ነውና የፍላሽን መንታ መልክ በአማርኛ ይደግመዋል። «ሰርዝ»ም ጥንቃቄ ይሻል፤ ስብሰባ ሲሰረዝ ይቀራል፣ ስም ከመዝገብ ሲሰረዝ ይፋቃል፤ «ትእዛዙን ተው» እና «ውሂቡን አጥፋ» የሚሉትን ሁለት ተቃራኒ ነገሮች በአንድ ቃል ሊሸከም ይዳዳዋል። የተፈለገው ነገር በመሸጎጫው ውስጥ ሳይኖር ሲቀርም «አልተገኘም» ከማለት «አልተሸጎጠም» ማለት ይበጃል። ሒሳቡን የጠየቀ ሰው «አልተገኘም» የሚል ቃል ሲያነብ ገንዘቡ የጠፋ ይመስለዋል፤ ገንዘቡ ግን በጎታው ውስጥ በሰላም ተቀምጧል።

እንዲህ ያሉ ቃላት ለኮምፒዩተር የማይመጥኑ፣ የጓዳና የሰፈር ቃላት ናቸው የሚል ይኖር ይሆናል። የእንግሊዝኛዎቹም መነሻ ከዚያው ነው፤ ውኃ መልቀቅ፣ ተከራይ ማስለቀቅ፣ መቆሸሽ፣ መታደስ። የሙያ ቃል የሚከብረው ከሩቅ ስለመጣ አይደለም፤ ሁልጊዜ አንድ ነገር ብቻ ስለሚል ነው። እርግጥ «ሻረ» ቁስል ሲድንም ይነገራል፤ ነገር ግን ቁስልና ቅጂ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስለማይገናኙ ማንንም አያሳስትም። አሳሳቹ በአንድ መስኮት ላይ ጎን ለጎን ተቀምጦ ሁለት የተለያየ ነገር የሚል ቃል ነው።

ፊደሉ እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ አማርኛ በማንኛውም ማሽን ላይ የመጻፍ መብት አገኘ። ስሞቹም ቀጥለው ተሟሉ። የቀረው ሥራ አነስ ያለ፣ ግን የማይታለፍ ነው፦ ማሽኑ ሲታዘዝ ምን እንደሚያደርግ በአንድ ግስ መናገር። ጎታዋንና መቀነቷን ለይታ የምታውቅ እናት በስልኳ ላይ የቱን እንደምትነካ ለማወቅ ልጇን መጥራት ባላስፈለጋት ነበር። ልዩነቱ በቋንቋዋ ውስጥ አለ፤ የጎደለው በመስኮቱ ላይ ነው።